ፊድ ሲጨምር ልኬት ሲያመልጥ፦ የቆዩ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽኖች ችግርና መፍትሄ

ፕሮግራሙ ልክ ነው። መቁረጫው አዲስ ነው። የወጣው ዕቃ ግን ልኬቱን ስቷል። ማሽኑ የቆየ ከሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቦል ስክሩውን (ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰውን ረጅም ብሎን) ነው። አትቸኩሉ። ቦል ስክሩ ማስቀየር ኪስ ይጎዳል፤ ፊድ (መቁረጫው ዕቃው ላይ የሚሄድበት ፍጥነት) መቀነስ ግን በነጻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። ያንኑ ቅርጽ አንዴ በለመዳችሁት ፊድ፣ አንዴ ደግሞ በግማሹ ቁረጡና ለኩ። ስህተቱ በግልጽ ከቀነሰ ነገሩ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። ንቅንቅ ካላለ ባክላሽ (አቅጣጫ ሲቀየር የሚታይ ልቅነት) ወይም የተበላ መንሸራተቻ ፈልጉ።

ጥጉ ይዶለዱማል፣ ክቡ ያንሳል

በቆዩ ማሽኖች ላይ በጣም የተለመደውና በጣም የሚያደናግረው ይሄኛው ነው። ሰርቮው (ጠረጴዛውን የሚነዳው ሞተርና መቆጣጠሪያው) ትዕዛዙን የሚከተለው ከኋላ ሆኖ ነው። ኮንትሮለሩ "እዚህ ድረስ" ሲል ጠረጴዛው ገና መንገድ ላይ ነው። ፊዱ በጨመረ ቁጥር ርቀቱ ይሰፋል። በቀጥታ መስመር ላይ ኤክስና ዋይ (ሁለቱ የእንቅስቃሴ ዘንጎች) እኩል ስለሚዘገዩ ምንም አይታይም። ጥግ ላይ ግን ኤክስ ሳይደርስ ዋይ ይነሳል፤ ጥጉም ይከብባል።

ክብ ላይ በቁጥር እንየው። በደቂቃ 1000 ሚሜ ሲሄድ 1 ሚሜ የሚዘገይ ማሽን አለ እንበል። የመቁረጫው መሃል የሚዞርበት ሬዲየስ 10 ሚሜ ቢሆን ሬዲየሱ ወደ 0.05 ሚሜ ያንሳል፤ በዲያሜትር 0.1 ማለት ነው። ፊዱን 500 ስታደርጉት የሬዲየሱ ስህተት ወደ 0.0125 ይወርዳል። ፍጥነቱ በግማሽ፣ ስህተቱ በአራት እጥፍ ቀነሰ።

መፍትሄው፦ ሻካራውን ሥራ እንደፈለጋችሁ አፍጥኑት፤ የመጨረሻውን ዙር ግን ቀስ በሉ። ሹል ጥግ ካስፈለገ ለአንድ መስመር ጂ09፣ ለተከታታይ መስመሮች ጂ61 (ሁለቱም መስመሩ መጨረሻ ላይ በትክክል ቁም የሚሉ ትዕዛዞች ናቸው) ተጠቀሙና ሲያበቃ በጂ64 ወደ መደበኛው አካሄድ መልሱት። ረስታችሁ ከተዋችሁት ማሽኑ በየመስመሩ እየቆመ ምልክት ይተዋል። ክብ ላይ እነዚህ ትዕዛዞች አይረዱም፤ እዚያ ያለው አማራጭ ፊድ መቀነስ ነው።

ክቡ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ሞላላ ሆኖ ከወጣስ? የኤክስና የዋይ ጌይን (ሰርቮው ለትዕዛዝ ምላሽ የሚሰጥበት ጥንካሬ) እኩል አይደለም። ሁለቱን ዘንጎች በየተራ በአንድ ዓይነት ፊድ አስኪዱና በምርመራ ገጹ ላይ የሚታየውን መዘግየት አወዳድሩ። ማስተካከሉን ለሚያውቅ ቴክኒሻን ተዉት።

ቀዳዳው ጠበበ፣ ውጫዊው ክብ ግን ወፈረ

ይህ የሰርቮ ነገር አይደለም። ሰርቮ ሲዘገይ ሁለቱም ያንሳሉ። በክላይምብ ሚሊንግ (ጥርሱ ዕቃው በሚሄድበት አቅጣጫ ሲቆርጥ) አንዱ ጠቦ ሌላው ከወፈረ መቁረጫው ከግድግዳው እየሸሸ ነው፤ ማለትም እየተለመጠ። እኔም አንዴ ይህን ሳላስተውል ግማሽ ቀን የኮንትሮለሩን ፓራሜትር (የማስተካከያ ቁጥሮች) ስነካካ ውያለሁ።

ለማረጋገጥ ምንም ሳትቀይሩ ያንኑ ዙር ድገሙት። እንደገና ፍቅፋቂ ካወጣ ተለምጧል። መቁረጫውን አሳጥራችሁ እሰሩት፦ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መለመጡ 8 እጥፍ ነው። ፊዱንም በመጠኑ ቀንሱ። በጣም ከቀነሳችሁት ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል።

ክቡ ላይ አራት ቦታ ምልክት ይታያል

ዘንጎቹ አቅጣጫ የሚቀይሩበት ቦታ ነው። ባክላሽ ነው፤ ፊድ ብትቀንሱም አይለቅም። በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ለኩት። መጀመሪያ የቦል ስክሩውን ቤሪንግ ፈትሹ፤ የላላ ካለ አጥብቁ። የቀረውን ልቅነት ፓራሜትር ላይ አስገቡ።

ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆም ቆም እያለ ይሄዳል

ፕሮግራሙ በኬብል እየተላከ ከሆነ ዳታው አይደርስለትም። በ9600 ባውድ (የኬብሉ የመላኪያ ፍጥነት) በሴኮንድ ወደ 960 ፊደል ያልፋል። አንዱ መስመር 24 ፊደል ቢሆን በሴኮንድ 40 መስመር ነው። መስመሮቹ 0.1 ሚሜ ብቻ የሚያስኬዱ ከሆነ በደቂቃ ከ240 ሚሜ አይበልጥም። ፕሮግራሙ ላይ 1500 መጻፍ ምኞት ነው። በሻካራው ሥራ ላይ የካም ቶለራንሱን (ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሶፍትዌር የሚፈቅደውን ስህተት) ላላ አድርጉ፤ ጥቃቅን መስመሮቹን በጂ02 እና ጂ03 (የቅስት ትዕዛዞች) ተኩ። ሚሞሪው ከበቃ ፕሮግራሙን እዚያው ጫኑት።

ፊድ ስትቀንሱ ጭራሽ ባሰበት

ይሄም አለ። ጠረጴዛው ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። መንሸራተቻው ዘይት ተጠምቷል። ፓምፑ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭኑ ቱቦ ግን ተደፍኖ ይሆናል። ሽፋኑን አንስታችሁ ዘይቱ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ መድረሱን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ማሽኑ ጠፍቶ።