ኳስ ከማስበሳታችሁ በፊት፦ ሁክ የሚያበዛውና የሚቀንሰው ሌይአውት

የመጀመሪያዋን የራሴን ቦውሊንግ ኳስ ስገዛ ፕሮ ሾፕ (ኳስ የሚሸጥበትና የሚበሳበት ሱቅ) ውስጥ ያለው ሰውዬ እጄን ለካና "ሁክ ትፈልጋለህ አይደል?" አለኝ፣ ኳሷ ሄዳ ሄዳ ወደ ጎን መታጠፏን ማለቱ ነው፣ እኔም አዎ አልኩት፣ በቃ አለቀ። ስወረውር እንኳን አይቶኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ኳስ በጣም አዞራለሁ ፍጥነቴ ግን ቀሰስ ያለ ነው፣ እና ሊግ ማታ ሦስተኛው ጌም ላይ ሌኑ (ኳሷ የምትሄድበት ወለል) ላይ የተቀባው ዘይት መድረቅ ሲጀምር ኳሷ የፊተኛውን ፒን አልፋ ወደ ግራ ጥምዝዝ ትላለች፣ እኔም ወደ ግራ ስጠጋ ስጠጋ ኳስ መመለሻው ማሽን ጋ ልላተም ምንም አልቀረኝም።

ሌይአውት ማለት ቀዳዳዎቹ ኳሷ ላይ የት እንደሚበሱ የሚወስነው ልኬት ነው፣ ስለዚህ እሱን ከመምረጣችሁ በፊት መጀመሪያ ፒኤፒያችሁን እወቁ። ኳሷ ከእጃችሁ ስትወጣ የምትዞርበት ዘንግ ጫፍ ማለት ነው፣ እንደየሰው አወራወር ይለያያል። ከመያዣው መሀል ወደ ቀኝ 5 ኢንች አካባቢ (ግራኝ ከሆናችሁ ወደ ግራ) ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ወርውሩ፣ ጓደኛ ከኋላ በስልክ ስሎ ሞሽን ይቅረጽ። ፕላስተሩ ክብ እየሰራ ከተንከራተተ ቦታው አይደለም፣ ገፋ አድርጉት፣ ኳሷ ከእጅ እንደወጣች ነጥቡ ባለበት ቀጥ ብሎ ከታየ እሱ ነው። እኔ አራት ጊዜ ነቅዬ ለጥፌ ነው ያገኘሁት።

ቀጥሎ ፒን። የሚወድቁትን 10ሩን አይደለም የምለው፣ ኳሷ ላይ ያለችውን ባለቀለም ነጥብ ነው፣ ውስጥ ያለው የኮሩ (የኳሷ ከባድ እምብርት) አናት የት እንዳለ የምታሳየውን። ከሷ እስከ ፒኤፒ ያለው ርቀት ነው ዋናው ነገር። 3 3/8 ኢንች ሲሆን ፍሌሩ ከፍተኛ ነው፣ ወደ 0 ወይ ወደ 6 3/4 ሲጠጋ እየጠፋ ይሄዳል። ፍሌር ማለት ኳሷ በዞረች ቁጥር ዘይት ባልነካው ቆዳዋ ሌኑን መንካቷ ነው፣ ለዛ ነው የምትነክሰው። ስትመለስ የዘይት ቀለበቶቹን እዩ፣ ተራርቀው ከተሰመሩ ፍሌሩ ብዙ ነው፣ ተደራርበው ከሆነ ትንሽ።

ሱቅ ውስጥ "50 በ 4 1/2 በ 35" ሲሉ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ የኳስ ዲዛይነሩ ሞ ፒኔል ያመጣው ዱዋል አንግል የሚባለው የሌይአውት አጻጻፍ ነው። የመሀሉ አሁን ያልኳችሁ ርቀት ነው። የመጀመሪያው ድሪሊንግ አንግል ይባላል፣ ሲያንስ ኳሷ ቶሎ መንከስ ትጀምራለች ሲበዛ ትዘገያለች። የመጨረሻው ቫል አንግል ነው፣ ሲያንስ ፒኑ ከጣት ቀዳዳዎቹ በላይ ይወጣና ኳሷ ዘይት የሌለበት ደረቁ ሌን ላይ ስትደርስ ቶሎ ትታጠፋለች፣ ሲበዛ ደግሞ ለስለስ ብላ ነው የምትዞረው። እንደኔ ብዙ አዙሮ ቀስ የሚል ሰው ሁለቱም አንግል ከፍ ቢሉለት ይሻላል፣ በፍጥነት ወርውሮ ትንሽ የሚያዞር ደግሞ ዝቅ ያድርጋቸው። የጓደኛን ቁጥር መኮረጅ ዋጋ የለውም፣ ፒኤፒው ሌላ ነው።

ድሮ ቢሳሳቱ ተጨማሪ ቀዳዳ በስተው ያስተካክሉት ነበር፣ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ግን ዩኤስቢሲ (የአሜሪካ የቦውሊንግ ማኅበር) ለመያዣ ያልሆነ ቀዳዳ ከልክሏል። አውራ ጣት ሳትከቱ በሁለት እጅ የምትወረውሩም የአውራ ጣት ቀዳዳ እንዳታስበሱ፣ ካልተጠቀማችሁበት ኳሷ ሕገወጥ ትሆናለች። አሁን ከተሳሳተ ያለው አማራጭ አስደፍኖ እንደገና ማስበሳት ነው፣ እሱም በገንዘብ።

ከዛ በፊት ግን ቆዳዋን (የውጪ ገጿን) በማሸት ሞክሩ፣ እውነት ለመናገር ከሌይአውቱ በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። አብራሎን በሚባለው ማሻ ፓድ፣ በሻካራው 500 ብትታሽ ቀድማ ትነክሳለች፣ በ4000 ለስልሳ ከወጣች ዘይቱ ላይ ትንሸራተትና ኋላ ላይ ነው የምትዞረው። ውድድር ከተጀመረ በኋላ ማሸት አይቻልም፣ ከቤት ጨርሳችሁ ሂዱ።

ሁለተኛዋን ኳሴን 70 በ 5 በ 50 አስበሳኋት፣ ሰውየው "ሁክ ይቀንስብሃል" ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ እሱኑ ነው የምፈልገው አልኩት። አሁን ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው፣ ዘይቱ ትኩስ ሲሆን የድሮዋን፣ ሲደርቅ አዲሷን። 10ኛዋ ፒን ብቻዋን ስትቀር ደግሞ ፕላስቲክ ኳሴን፣ እሷን ሌይአውት አይሞቃትም አይበርዳትም፣ ብቻ እጃችሁ ይመቻት እንጂ የትም አስበሷት።