ጉዳት ያስቆመው ወጣት ሯጭ መንፈሱን እንዴት ይጠብቃል?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማንቂያ ሳይደወል ዓይን ይገለጣል። አብረው ተከራይተው የሚኖሩት ጓደኞች በጨለማ የጫማቸውን ክር ሲያስሩ፣ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ፣ ኮቴያቸውም ወደ ሰንዳፋ ሜዳ ሲርቅ ይሰማል፤ የቅልጥሙ አጥንት የተሰነጠቀው ሯጭ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይቀራል። ከሕመሙ ይልቅ የምትከብደው ይህች ሰዓት ናት። የሚከተለው ምክር በዋናነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሯጭ የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ የጉዳታችሁን ስም እወቁ። «እግሬን አሞኛል» ብቻ ብሎ መቀመጥ ለጭንቀት በር ይከፍታል። የአጥንት ስንጥቅ በጀመረበት ሰሞን በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ደህና ነው ተብላችሁም ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከሩጫ መራቅን ይጠይቃል። ጊዜው ቢረዝምም ቀን እየቆጠሩ መጠበቅ ይቻላል። ወጌሻን መናቄ ባይሆንም፣ የተሰነጠቀን አጥንት ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል።

ቀጥሎ፣ ኀዘኑን አትደብቁት። «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ከቅን ልብ ቢወጣም፣ ተጎጂው ተናግሮ ሳይጨርስ ከመጣ አፉን ያዘጋዋል። ለቅሶ ቤት ሄደን ምንም ሳንናገር ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የምናውቅ ሰዎች፣ ለተጎዳ ልጅም ይህንኑ ብናደርግለት ይበቃው ነበር። እናንተም የሚያዳምጣችሁን አንድ ሰው መርጣችሁ፣ ከማጣሪያው መቅረታችሁ ምን ያህል እንዳንገበገባችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩት።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከአርሲም ሆነ ከሌላ ገጠር የመጣ ሯጭ በእግሩ ላይ የታናናሾቹን የትምህርት ወጪና የወላጆቹን ቆርቆሮ ቤት ተሸክሞ ስለሚሮጥ፣ ጉዳቱን ከቤት ደብቆ በማስታገሻ ኪኒን ልምምድ መቀጠልን ይመርጣል፤ በሳምንታት ሊድን የሚችለው ስንጥቅ ወደ ሙሉ ስብራት የሚያድገውም እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ደውላችሁ ሐኪሙ የሰጣችሁን ጊዜ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ መናገር ይሻላል፦ «እማዬ፣ እስከ ሚያዝያ አልሮጥም፤ እግሬ ግን እየታከመ ነው።» ለአሰልጣኙም በዚያው ቀን ንገሩ፤ ክለብ ካላችሁ ውሉ ስለ ሕክምና ወጪና ስለ ደመወዝ ምን እንደሚል አንብቡ። እናት የሚያስደነግጣት ጉዳቱ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማቷም ጭምር ነው።

ሰዓታችሁን አትልቀቁ። በ11 ሰዓት የምትነሱ ከነበራችሁ አሁንም ተነሡና ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘውን እንቅስቃሴ ሥሩ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ዋና ወይም የጂም ብስክሌት ተጠቀሙ። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሜዳ ወርዶ ለጓደኞች ሰዓት መያዝ ከቡድኑ እንዳትለዩ ይረዳል፤ ማየቱ የሚያቆስላችሁ ከሆነ ግን ለጊዜው ቅሩ፤ ይህ ምቀኝነት አይደለም።

የታላላቆቹን ታሪክም በልኩ ተጠቀሙበት። ጥሩነሽ ዲባባ በጉዳት ከ2011 የዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ቀርታ፣ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቃለች። ቀነኒሳ በቀለም ከረጅም ጉዳት በኋላ በዴጉ የ10,000 ሜትር ውድድሩን አቋርጦ ወጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በብራስልስ 26:43.16 ሮጧል። እኔ ከብራስልሱ ይልቅ የዴጉን አስታውሳለሁ፤ የመመለሻው ውድድር ሊከሽፍ እንደሚችል ያሳያልና። እርግጥ እነርሱ የነበራቸው ሐኪምና ገንዘብ ለሁሉም ወጣት አይገኝም፣ የተጎዳ ሁሉም አይመለስም፤ የተቋረጠ ትምህርት ካለ ይህ የዕረፍት ጊዜ ለመመዝገብ ይመቻል።

እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቋችሁ፣ ጫት ወይም መጠጥ መሸሸጊያ ከሆነ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን ሳትቆጥሩ፣ ብቻችሁንም ሳትሆኑ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ሂዱ፤ አዲስ አበባ አካባቢ ላላችሁ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ክብደት እንዳይጨምር ብሎ ምግብ መቀነስም የአጥንቱን መዳን ያዘገየዋል፤ የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ሯጭ ይህን ሳታፍር ለሐኪሟ ትንገር።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ፍርሃቱ አብሮ ወደ ሜዳ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ለስለስ ባለ ሣር ላይ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ጥቂት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ሰጥታችሁ ማታ በደብተር ጻፉ፤ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱም እንደገና ጻፉ። የጠዋቱ ቁጥር ከማታው ካልበለጠ፣ ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ አንድ ደቂቃ ተኩል ሞክሩ።