ሚኒባስ ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

የኔ መኪና አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ናት። ሞተሯ ስሪ ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተማሪ ሰርቪስ እሠራባታለሁ። የዚህ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። መኪናዋ እንቢ ካለች ልጆቹ በር ላይ ቆመው ብርድ ይመታቸዋል። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የሚያናድደኝ ነገር አለ። መኪና አልነሳ ሲል «ባትሪ ነው» ይባልና ባትሪ ይገዛል። አልሆነም? ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይቀየራል። አሁንም እንቢ ካለ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ይፈታል። የዕለት እንጀራው በዚያች መኪና ላይ ለሆነ ሰው ይሄ ግፍ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)። ብር የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ቁልፉን አዙሩና ስሙ። ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? መንገዱ የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

ካልዞረ ወይም እየተጎተተ ከዞረ የፊት መብራት አብሩና ደግማችሁ ሞክሩ፤ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይይላችሁ። መብራቱ ደብዝዞ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ በደንብ አልያዘም። ቴስተር ካላችሁ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ባትሪ ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቻርጅ አስደርጋችሁ እንደገና ለኩ። ሞልቶም ከወረደ ያኔ ባትሪ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የባትሪው ራስ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ በደንብ እሰሩት። ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ። ብዙ ሰው የሚረሳው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመድ ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋተኛው ማሳው ነው።

መብራቱ ሳይደበዝዝ «ጠቅ» ብላ ዝም ካለችስ? የቶዮታ ሞተሪኖ የታወቀ ጠባይ ነው። ከሞተሪኖው ጀርባ ክብ ክዳን አለ። ውስጡ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ ቁልፍ በተዞረ ቁጥር አንድ ተንቀሳቃሽ መዳብ መጥቶ ያገናኛቸዋል። በየቀኑ ብልጭታ እየበላቸው ይሳሳሉ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። አንዴ ይነሳል፣ አንዴ አይነሳም። ለዚህ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም። መዳቦቹ ለብቻ ይሸጣሉ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጠይቁ። ስትፈቱት ውስጡ እየተፋተገ የሚያልቀውን ካርቦንም እዩት።

አሁን ወደ ሌላው እንሂድ፦ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) እዩ። እየዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቀጣጠለም።

ጭስ ከሌለ ፖምፓው ላይ ቀጭን ሽቦ የምትገባበትን የነዳጅ መዝጊያ ፈልጉ። እጃችሁን አስጠግታችሁ ሰው ቁልፉን እስከ «ኦን» ያዙር። «ጠቅ» ማለት አለባት። ዝም ካለች ፊውዝና ሽቦ እዩ። ድምፅ ካሰማች ደግሞ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ጫኑ። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውኃ ካለ አውጡ።

ነጭ ጭስ ያለበት ደግሞ የኛ የደጋ ሰዎች በሽታ ነው። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስሪ ኤል አየሩን 22 ጊዜ ያህል ያምቃል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ብረቱም ቀዝቅዞ ያድራል። ድሬዳዋ ላይ በደከመ ማሞቂያ ካንዴላ (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ያለ ችግር የምትነሳ መኪና እዚህ ታስለምናለች። ካንዴላዎቹን ለመፈተሽ የሚያያይዛቸውን ብረት ፍቱ። የ12 ቮልት አምፖል አንድ ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ፣ በሌላው የየካንዴላውን ጫፍ ንኩ። አምፖሉ ካልበራ ያ ካንዴላ ሞቷል። በቀጥታ በባትሪ አቅልቶ ማየት የሚወዱ አሉ፤ ተዉት፣ አንዳንዱ ለ6 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ይቃጠላል። አምፖሉ በአራቱም ላይ በርቶ፣ ቁልፉ ሲዞር ግን ካንዴላዎቹ ጋ ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያቀብላቸውን ማብሪያ) ጠርጥሩ።

ቀን ላይ ቶሎ እየተነሳች ጠዋት ብቻ የምታስቸግር ከሆነ ይህንን ሞክሩ። አንድ ጠዋት ቁልፍ ሳትነኩ የእጅ ፓምፗን ጫኑና አስነሱ። ወዲያው ከተነሳች ሌሊት አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ የናፍጣ ጎማ ቱቦዎችንና ማሰሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ እዩ። በሌላ ጠዋት ደግሞ ካንዴላውን ሁለት ጊዜ አሙቃችሁ አስነሱ። ያ ከረዳ ነገሩ ካንዴላ ነው።

እባካችሁ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ አታድርጉ። ኤተርም አትርጩ። ካንዴላው ግሎ ሳለ ከደረሰበት ፒስተን ይሰብራል፣ ፊትም ያቃጥላል።

ፓምፑም ማሞቁም ካልረዳ፣ ቀን ላይ ስትነሳላችሁ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየተገፋ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ያኔ ጋራዥ ሂዱና ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ኃይል) አስለኩ። አራቱም ሲሊንደር ለየብቻ ይለካ፣ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበሉ። በካሬ ሴንቲሜትር ከ20 ኪሎ በታች የወረደ ካለ ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ሳይለካ ግን ማንም ቴስታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) እንዲያወርድ አትፍቀዱ።