ሰርቨሮቹ ሥራ ፈተው ወረፋው ለምን ይረዝማል? በትይዩ የሚሠሩ ሥርዓቶች ችግርና መፍትሄ

አንድን ሥራ ለ10 ሰርቨሮች አከፋፍሎ የሁሉም ውጤት ሲሰበሰብ ብቻ መልስ የሚሰጥ ሥርዓት ፍጥነቱ የሚወሰነው በአማካዩ ሳይሆን መጨረሻ ላይ በሚደርሰው ቁራጭ ነው።

ምልክት፦ የሰርቨሮቹ ሲፒዩ (ስሌት የሚሠራው ክፍል) 35 በመቶ እንኳ ሳይያዝ ወረፋው ያለማቋረጥ ይረዝማል።

ምክንያት፦ ቀጣዩ ሥራ የሚጀመረው ያለፈው ሥራ ቁራጮች በሙሉ ካለቁ በኋላ ከሆነ፣ ቀድመው የጨረሱት ሰርቨሮች የመጨረሻውን ሲጠብቁ አቅማቸው ይባክናል። የአንድ ቁራጭ የአገልግሎት ጊዜ በአማካይ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆንና ኤክስፖኔንሺያል ስርጭትን (ብዙዎቹ አጭር፣ ጥቂቶቹ ግን በጣም ረጅም የሚሆኑበትን) ቢከተል፣ የ10ሩ መጨረሻ የሚያልቅበት አማካይ ጊዜ የሚገኘው 100ን በ1 + 1/2 + 1/3 እስከ 1/10 ድምር በማባዛት ነው። ድምሩ 2.93 ገደማ ስለሆነ አንድ ሥራ 293 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እያንዳንዱ ሰርቨር በሰከንድ 10 ቁራጭ መጨረስ እየቻለ ሥርዓቱ በሰከንድ ከ3.4 ሥራ በላይ አይሸከምም ማለት ነው። ሥራውን ለተጨማሪ ሰርቨሮች ማከፋፈልም ድምሩን ስለሚያሳድገው የሚባክነው የአቅም ድርሻ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መፍትሄ፦ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ወረፋ ሰጥቶ፣ አንዱን ቁራጭ እንደጨረሰ የቀጣዩን ሥራ ቁራጭ እንዲጀምር መፍቀድና መጠባበቁን ወደ መውጫው ብቻ ማዛወር ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው በሰከንድ ወደ 10 ሥራ ይጠጋል። ያለቁ ቁራጮች ጓደኞቻቸውን ሲጠብቁ ሜሞሪ ስለሚይዙ የመሰብሰቢያው መጠን አብሮ ሊታይ ይገባል።

ምልክት፦ የእያንዳንዱ ሰርቨር አማካይ ጥሩ ሆኖ ተጠቃሚው ግን ይዘገያል።

ምክንያት፦ አንድ ሰርቨር ከ100 ጥያቄ አንዱን ብቻ ቢያዘገይ፣ 100 ሰርቨሮችን የሚጠይቅ ሥራ ቢያንስ በአንዱ የመዘግየት ዕድሉ 63 በመቶ ነው።

መፍትሄ፦ መለካት ያለበት የመጨረሻው ቁራጭ ነው። ከመቶ 95ቱ በሚያልቁበት ጊዜ ውስጥ ያላለቀውን ቁራጭ ቅጂ ለሌላ ሰርቨር ልኮ ቀድሞ የመጣውን መቀበል ብዙ ያድናል። ጉግል በ2004 ስለ ማፕሪዱስ (ትልቅ ዳታን በብዙ ማሽኖች ላይ አከፋፍሎ ስለሚያሠራው ሥርዓቱ) ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህን የመሰለው የመጠባበቂያ ቅጂ መላክ ሲቆም ዳታን የመደርደር ሥራው 44 በመቶ ረዝሞ ነበር።

ምልክት፦ የምላሽ ጊዜው ስሌትና ልኬት አይገጥሙም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ የሥራዎች አመጣጥ የፖይሰን ሂደትን ሲከተል (ሥራዎቹ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ በዘፈቀደ ሲመጡ) እና የአገልግሎት ጊዜው ኤክስፖኔንሺያል ሲሆን፣ ለሁለት ተመሳሳይ ሰርቨሮች የአማካይ ምላሽ ጊዜው ትክክለኛ ቀመር አለ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ተመራማሪዎቹ ኔልሰንና ታንታዊ በ1988 ያቀረቡት ግምታዊ ቀመር ያገለግላል። የአንድ ቁራጭ አገልግሎት እንደ ላይኛው 100 ሚሊሰከንድ ሆኖ ሰርቨሮቹ 80 በመቶ ሲያዙ የአንዱ ወረፋ አማካይ የምላሽ ጊዜ 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ለ10 ሰርቨሮች ግምታዊው ቀመር 1.17 ሰከንድ ገደማ ሲሰጥ፣ ወረፋዎቹን እርስ በርስ እንደማይያያዙ አድርጎ መቁጠር ደግሞ 1.46 ሰከንድ ይሰጣል፤ ይህም የላይኛው ወሰን ነው። ልኬቱ ከዚህ ወሰን ካለፈ ቀመሩን ከመቀያየር በፊት የእያንዳንዱን ሰርቨር የአገልግሎት ጊዜና የቁራጮቹን መጠን ለየብቻ አውጥቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሰርቨር ከሌሎቹ ያዘገማል፣ ወይም አንዱ ቁራጭ ከድርሻው በላይ ዳታ ተሸክሟል።