የዓሣ ገንዳው ውሃ ሲታፈን፦ ችግርና መፍትሄ

በቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የራባቸው ይመስለውና ምግብ ይበትንላቸዋል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ያልተበላው ምግብ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ዓሦቹ ላይ እየወጡ አየር ይፈልጋሉ

መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። ንጋት ላይ ብሶባቸው ረፋድ ላይ ከተሻላቸው ምክንያቱ የሌሊቱ ነው፤ በገንዳው ውስጥ ያሉ ዕፅዋትና አልጌ ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት እነሱም ይወስዳሉ። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ወይ ዓሣው በዝቷል፣ ወይ ውሃው ሞቋል፣ ወይ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻና ከሚበሰብስ ምግብ የሚመጣ መርዝ) ተጠራቅሟል። ለመለየት የአየር ፓምፑን በሙሉ ኃይሉ ለ1 ሰዓት ይልቀቁት። ከተረጋጉ አየር ነው ያጠራቸው። ስንጥባቸው ቀልቶ አሁንም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ ከሆነ አሞኒያን ይጠርጥሩ፤ ከውሃው ሲሶውን ወዲያው ቀይሩና ለ2 ቀን ምግብ አይስጡ። (ገንዳው ውስጥ አምባዛ ካለ አይደንግጡ። እሱ ከውሃ ወጥቶም አየር የሚስብበት አካል ስላለው አልፎ አልፎ ብቅ ማለት ልማዱ ነው።)

ጎጃም ላይ ይህ ችግር ቶሎ ይመጣል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ግን 6.7 አካባቢ ነው የምትይዘው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ በማሞቂያ 25 ዲግሪ የደረሰ ገንዳ ወደ 6 ይወርዳል። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር ቢያንስ በሩብ ቀንሶ መያዝ ነው።

መፍትሄው ያለው የውሃው ገጽ ላይ ነው። አረፋዎቹ ራሳቸው የሚሰጡት ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ ዋና ሥራቸው የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ማንሳትና ገጹን ማናወጥ ነው። እምቦጭ ጣናን ሸፍኖ ከሥሩ ያለውን ውሃ እንደሚያፍነው ሁሉ፣ ከቁሌት የሚነሳ የቅባት እንፋሎትም ገንዳው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውሃውን በጎን ሲያዩት ቀስተ ደመና መሰል ቀለም ከታየ ቅባት ነው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ገጹ ላይ አንጥፈው ቀስ ብለው ቢያነሱት ይዞት ይወጣል፤ 2 ወይም 3 ጊዜ ይድገሙት። ፓምፑ ደግሞ የቤቱን አየር ነው የሚስበው። ቡና ሲፈላ የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ፣ ወይም የተረጨ የተባይ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል። ከረከቦቱ ይራቅ።

መብራት ጠፋ

ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በታች ከተቀመጠ፣ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል፣ ወለሉንም ያጥለቀልቃል። ወይ ፓምፑን ከፍ ያድርጉ፣ ወይ ቱቦው ላይ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግጠሙ። መብራቱ እስኪመጣ በጆግ ከገንዳው እየቀዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ መልሰው ያፍስሱ፤ በየሩብ ሰዓቱ ዐሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ምግብ አይስጡ። ዝግ ማጣሪያ (ውሃው በተከደነ ዕቃ ውስጥ አልፎ የሚጣራበት) ለሰዓታት ከቆመ በውስጡ ያለው ውሃ ይሸታል፤ ያንን ሳይደፉ ካስነሱት መርዙን ዓሣው ላይ ነው የሚለቀው።

ውሃ በተቀየረ ማግስት ዓሣ ሞተ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ነው አንዱ ምክንያት። በሰፊ ባልዲ ክፍቱን 24 ሰዓት ይቆይ፤ የአየር ድንጋይ (በፓምፑ ቱቦ ጫፍ ላይ ተሰክቶ አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትነው) ከገባበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። ጠባብ አፍ ባለው ጀሪካን ማቆየት ግን ብዙም አይጠቅምም። ሌላው ቅዝቃዜ ነው፤ የአዲሱና የነባሩ ውሃ ልዩነት ከ2 ዲግሪ አይብለጥ። 60 በ30 በ36 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 65 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ በሳምንት 15 ሊትር ቢቀየር በቂ ነው። የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ኦክስጅኑ አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል እሱም ይናፈስ።

ውሃው ነጭ ሆኖ ደፈረሰ

አዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ ነው፤ ባክቴሪያው ገና አልተደላደለም። እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ትልቁ ስህተት ደንግጦ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው፤ ያኔ አሞኒያውን የሚበላው ባክቴሪያ ያልቅና ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ይበቃል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ነገሩ ብርሃን ነው፤ ከመስኮት ያርቁት፣ መብራቱንም በቀን ለ8 ሰዓት ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አያብሩ።

አረፋው ደከመ

ድንጋዩን ነቅለው የቱቦውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። እዚያ በኃይል ከፈላ የተደፈነው ድንጋዩ ነው፤ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ያሳድሩትና በደንብ አለቅልቀው ይመልሱት። እዚያም ከደከመ ፓምፑን ከመብራት ነቅለው ይክፈቱት፤ ውስጡ ያለው ጥቁር የጎማ ሽፋን ተሰንጥቆ ያገኙታል፤ የሚቀየረውም እሱ ብቻ ነው።