አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል አልገባ ሲል እንዴት ይስተካከላል?

ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረው አውትሉክ ዛሬ ፓስወርድ ይጠይቃል። ትክክለኛውን ትጽፉለታላችሁ፤ መልሶ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የተለመደው መልስ «ፎርማት እናድርገው» ነው። እባካችሁ አታስደርጉ። ቢያንስ ከታች ያሉትን እስክትሞክሩ ታገሡ።

አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። የተለወጠው ሰርቨሩ፣ ማለትም ኢሜይላችሁን የሚይዘው የኩባንያው ኮምፒውተር ነው። ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ የመግቢያ ደንባቸውን ባለፉት ዓመታት አጥብቀዋል። አሮጌው ፕሮግራም ግን አሁንም በድሮው ደንብ ለመግባት ይሞክራል። ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ለተራ ተጠቃሚ ማሻሻያ ስለማያገኝ ክፍተቱ በየዓመቱ ይሰፋል።

እዚህ የምጽፈው ዊንዶውስ 7 ላይ አውትሉክ 2007ን፣ አውትሉክ 2010ን ወይም ተንደርበርድን ለሚጠቀም ሰው ነው።

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት ደብዳቤዎቹን ቅዱ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። አካውንቱ የተሞላው ፖፕ 3 በሚባለው የመቀበያ ዘዴ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ከሰርቨሩ ላይ ሊያጠፋቸው ይችላል። ያኔ ያለው ብቸኛ ቅጂ ያ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ነው። አንዲት የማውቃት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ፎርማት ሲደረግ የዓመታት የደንበኛ ደብዳቤ አብሮ ሄዶባታል። ጥገና ቤቱ «ዶክሜንት» የሚለውን ፎልደር ቀድቶላት ነበር። ኢሜይሉ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

አውትሉክ 2010 ላይ «ፋይል»፣ ከዚያ «አካውንት ሴቲንግስ» ግቡ። በ2007 ደግሞ «ቱልስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። «ዳታ ፋይልስ» የሚለውን ስትከፍቱ ፋይሉ የት እንዳለ ያሳያችኋል። መጨረሻው «ፒኤስቲ» የሚል ነው። አውትሉክን ዝጉና ፋይሉን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዱ። ተንደርበርድ ከሆነ «ሄልፕ» ውስጥ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ካለው የፕሮፋይል ፎልደር አጠገብ «ኦፕን ፎልደር» የሚል ቁልፍ አለ። ፎልደሩ ከተከፈተላችሁ በኋላ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ሙሉውን ቅዱ።

ፍላሽ ላይ ስትቀዱ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ ፍላሹ ቦታ አጥቶ ላይሆን ይችላል፤ ችግሩ አሠራሩ ነው። ፋት 32 በሚባለው መንገድ የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፤ በላዩ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ።

2. ቀኑን ተመልከቱ

በቀኝ በኩል ከታች ያለችውን ሰዓት ተጫኗት። ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ትክክል ናቸው?

እያንዳንዱ የኢሜይል ሰርቨር ማንነቱን የሚያሳይ ሰርቲፊኬት አለው። ሰርቲፊኬቱ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን አያምነውም። «ሰርቲፊኬቱ ትክክል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ወይም ዝም ብሎ አይገናኝም።

እኛ አገር ይህ ስህተት ራሱን የቻለ መንገድ አለው። ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱን ይሞላል። 2018 ተብሎ የተሞላ ኮምፒውተር ራሱን በፈረንጆቹ 2018 ላይ ያገኘዋል፤ ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ማለት ነው። የዛሬው ሰርቲፊኬት ለእሱ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሙሉ። የሰዓት ቀጠናውን ደግሞ ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉት፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2 ብሎ የሞላ ሰውም አለ። ኢሜይሉ ሊሄድለት ይችላል፣ ግን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ተቆጥሮ ተቀባዩ ጋ ከሌሎቹ ሥር ይቀበራል።

ቀኑን አስተካክላችሁ ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ ስትሰኩ ተመልሶ ከተበላሸ፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት። ገዝታችሁ ለውጧት። መብራት በሄደ ቁጥር ቀን ከማስተካከል ትገላገላላችሁ።

3. ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ «ስህተት» ሲላችሁ

ሰውን ሁሉ የሚያደክመው ይህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ጂሜይል ከሜይ 30፣ 2022 ጀምሮ ለግል አካውንቶች በስምና በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል። አውትሉክ 2007 እና 2010 የሚያውቁት ደግሞ ያንኑ መንገድ ብቻ ነው። ፓስወርዳችሁን መቶ ጊዜ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም። ደጋግማችሁ መሞከራችሁ አካውንቱን ለጊዜው ሊያስቆልፍባችሁ ስለሚችል ተዉት።

መፍትሔው «አፕ ፓስወርድ» የሚባለው፣ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚፈጠር ልዩ ፓስወርድ ነው። መጀመሪያ በብሮውዘር ወደ ጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ። ያ ሳይከፈት አፕ ፓስወርድ የሚባለው ነገር አይመጣላችሁም። ከዚያ አፕ ፓስወርድ ስትፈጥሩ 16 ፊደል ይሰጣችኋል። አንዴ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ እዚያው ኮፒ አድርጋችሁ አውትሉክ ውስጥ በተራው ፓስወርድ ቦታ ለጥፉት። ብሮውዘር ላይ የምትገቡበት ፓስወርድ እንዳለ ይቆያል። ያሁም እንዲሁ አፕ ፓስወርድ ይፈልጋል።

የሆትሜይል ወይም የአውትሉክ ዶት ኮም አድራሻ ላላችሁ ግን ይህ አይሠራም። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2024 በተራ ፓስወርድ መግባትን ለግል አካውንቶችም ዘግቶታል። አፕ ፓስወርዱም አብሮ ቀርቷል። በአውትሉክ 2010 ላይ ጊዜ አታባክኑ።

እኔ ለዊንዶውስ 7 የምመክረው ተንደርበርድ 115ን ነው። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው እትም እሱ ነው። ሁለት ነገር ያደርግላችኋል። አንደኛ፣ ኦኦት 2 የሚባለውን አዲሱን መግቢያ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ቲኤልኤስ 1.2 የሚባለውን የግንኙነት ጥበቃ የሚጠቀመው ከራሱ ነው፣ ከዊንዶውስ አይበደርም። አውትሉክ የሚበደረው ከዊንዶውስ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ የድሮዎቹን 1.0 እና 1.1 ከዘጋ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። አውትሉክን አታጥፉት፤ የድሮ ደብዳቤ ማንበቢያ አድርጋችሁ ተዉትና አዲሱን በተንደርበርድ ተቀበሉ።

ተንደርበርድ ኖሯችሁም እምቢ ካለ፣ «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሰርቨር ሴቲንግስ» ግቡና የማረጋገጫውን ዘዴ ወደ ኦኦት 2 ቀይሩ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚረሳው ነገር አለ። መላኪያው ሰርቨር ለብቻው ነው። ከዝርዝሩ ታች «አውትጎይንግ ሰርቨር» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ እሱንም ቀይሩ። አለበለዚያ መቀበል ይሠራል፣ መላክ አይሠራም። ከዚያ «ሴቭድ ፓስወርድስ» ውስጥ የተቀመጠውን የድሮ ፓስወርድ አጥፉ፤ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። የመግቢያ መስኮት ይመጣል። መስኮቱ አልገባ ካለ የተንደርበርድ «ፕራይቬሲ» ሴቲንግ ውስጥ ኩኪ መፈቀዱን እዩ።

4. ፖርቶቹ

ፖርት ፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት የበር ቁጥር ነው፤ በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ እዩት። አይማፕ (ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የሚቆይበት ዘዴ) ከሆነ 993፣ ፖፕ 3 ከሆነ 995፣ ለመላኪያ 465 ወይም 587። መላኪያው ላይ 25 ተሞልቶ ካገኛችሁ ቀይሩት፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይዘጉታል።

5. «አውትቦክስ» ውስጥ የተሰቀለ መልእክት

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአባሪው ክብደት ነው። ጂሜይል የሚፈቅደው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። አባሪ ደግሞ በኢሜይል ሲሄድ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 20 ሜጋባይት ፎቶ መንገድ ላይ ወደ 27 ሜጋባይት ይጠጋል። አውትሉክ እየላከው ሳለ አልጠፋ ስለሚል መጀመሪያ «ወርክ ኦፍላይን» የሚለውን ተጫኑ፣ ከዚያ መልእክቱን አጥፉ።

6. ሲንቀራፈፍ

ተንደርበርድ ላይ ያጠፋችሁት ደብዳቤ ከዓይን ይጥፋ እንጂ ከፋይሉ ወዲያው አይወጣም። ፎልደሩን በቀኝ ተጫኑና «ኮምፓክት» በሉ። ሲጨምቅ አዲስ ቅጂ ስለሚሠራ ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ይኑር። አይማፕ ከሆናችሁ ደግሞ «ሲንክሮናይዜሽን» ውስጥ የቅርብ ጊዜ ደብዳቤ ብቻ እንዲያወርድ ገድቡት። ለኮምፒውተሩም ለዳታውም እረፍት ነው። አንቲቫይረሱ የፕሮፋይል ፎልደሩን እንዲዘለው ማድረጉም ይጠቅማል። አንዳንዱ አንድ የተጠረጠረ ደብዳቤ አግኝቶ ሙሉውን የኢንቦክስ ፋይል ያነሣዋል።

7. መብራት ሄዶ ፋይሉ ከተጎዳ

አውትሉክ ክፍት ሳለ መብራት ከጠፋ ፒኤስቲ ፋይሉ ሊጎዳ ይችላል። ኦፊስ ራሱ ይዞት የሚመጣ «ስካንፒኤስቲ» የሚባል መጠገኛ አለ። ለ2007 «ኦፊስ 12»፣ ለ2010 «ኦፊስ 14» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት በገንዘብ የሚሸጥ መጠገኛ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ። አውትሉክን ዘግታችሁ፣ በመጀመሪያው ደረጃ በቀዳችሁት ላይ ሳይሆን ከእሱ በወጣ ሌላ ቅጂ ላይ አስኪዱት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ስህተት የለም እስኪል ድገሙት። ቦታቸው የጠፋባቸውን ደብዳቤዎች «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በሚል ፎልደር ሰብስቦ ይሰጣችኋል።