ግዛት ሲቀይሩ አቅም የሚፈቅደውን የጤና ኢንሹራንስ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ የሚዛወር ወጣት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኪናና ስለ መንጃ ፈቃድ አስቀድሞ ያስባል። የጤና ኢንሹራንስ ግን የሚታወሰው ዕቃው ሁሉ ከተራገፈ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግዛት የሚቀይር ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው፣ ለአዲሱ ኢንሹራንስ መግቢያ የሚሆነው አሮጌው መሆኑን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በተለምዶ ኦባማ ኬር የምንለው የኢንሹራንስ ገበያ ለሁሉም የሚከፈተው በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። ከዚያ ውጪ ለመመዝገብ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። መኖሪያ መቀየር አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ከተዛወሩበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ከመዛወርዎ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን ኢንሹራንስ እንደነበርዎት ማሳየት ይጠበቅብዎታል። «እስክደላደል ወርሃዊ ክፍያውን ልቆጥብ» ብሎ ከሦስት ወር በፊት ያቋረጠ ሰው በሩን በገዛ እጁ ዘግቶታል። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር አዲስ የገባ ሰው ግን ይህ ማስረጃ አይጠየቅም።

ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ለኢንሹራንስ ኩባንያው ደውለው፣ ሽፋን ያለዎት ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስልኩ። አዲሱ ከተማ ሲደርሱ ደግሞ ስምዎና ቀኑ የሰፈረበትን የኪራይ ውል ወይም የመብራት ሂሳብ ያስቀምጡ። አሮጌውን ኢንሹራንስ አዲሱ እስኪጀምር አይሰርዙት። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፕላን ከመረጡበት ቀጥሎ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ማርች 12 ለመረጠ ሰው ኤፕሪል 1 ይጀምርለታል።

ዕድሜዎ ከ26 በታች ከሆነ በመጀመሪያ የወላጆችዎን ኢንሹራንስ ይመልከቱ። ቢያገቡም፣ ለብቻዎ ቢኖሩም፣ ሌላ ግዛት ቢሆኑም በእነሱ ስር መቆየት ይችላሉ። እንቅፋቱ የሐኪሞቹ ዝርዝር ነው። ኤችኤምኦ የሚባሉት ፕላኖች ከአካባቢያቸው ውጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ ስለሆነ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የተገዛ ካርድ ቴክሳስ፣ ዳላስ ላይ ለመደበኛ ምርመራ ላያገለግል ይችላል።

መሥሪያ ቤትዎ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከገበያው ድጎማ ለማግኘት ከማመልከትዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ። ሕጉ ተመጣጣኝ ነው የሚለው የአሠሪ ኢንሹራንስ የቀረበለት ሰው ድጎማ አያገኝም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገቢን መገመት ነው። ብዙ ገንዘብ የሚድነውም የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ አገኛለሁ የሚሉትን ያስሉ፤ ታክሲ የሚያሽከረክሩ ከሆነ የነዳጁና የጥገናው ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ይያዙ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ኢንሹራንስ ካለዎት፣ ከግዛት ወደ ግዛት አብሮዎት አይሄድም፤ ለአሮጌው ግዛት አሳውቀው በአዲሱ እንደገና ማመልከት ይኖርብዎታል። ማመልከቻው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ዓመታዊ ገቢው ወደ 22 ሺህ ዶላር እስኪደርስ ድረስ ሊያገኘው ይችላል። ቴክሳስ ግን ይህን መብት ካላሰፉት ግዛቶች አንዷ ስለሆነች፣ ልጅና የአካል ጉዳት የሌለበት ወጣት የቱንም ያህል ቢቸገር በአብዛኛው አያገኝም። ይባስ ብሎ የገበያው ድጎማ የሚጀምረው ከድህነት መስመር ነው፤ ለ2026 ሽፋን የተያዘው መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነው። ከዚያ በታች የሚያገኝ የቴክሳስ ነዋሪ ከሁለቱም ውጪ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ ፍትሕ የጎደለው ይህ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚቀረው እንደ ገቢው የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው።

ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ሰዎችም ለሜዲኬይድ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ የስደተኞችን መብት ይበልጥ አጥብቧል። የመኖሪያ ፈቃድዎን ዓይነት ይዘው ነፃ ድጋፍ የሚሰጡትን የምዝገባ ረዳቶች ያነጋግሩ።

ማመልከቻው የሚሞላው በአዲሱ ግዛት ነው። የቴክሳስ ነዋሪዎች ሄልዝኬር ዶት ጎቭን ይጠቀማሉ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን የየራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው። የፌዴራሉ ስልክ 1-800-318-2596 ሲሆን የአማርኛ አስተርጓሚ ቢጠይቁ አይከፍሉበትም። ራሱ ደውሎ «ዛሬ ካልተመዘገቡ ዋጋው ያልፋል» የሚልዎትን ሰው ግን ስልኩን ይዝጉበት። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የሚሸጡት የአጭር ጊዜ ፕላን ነው፤ ቀድሞ የነበረን ሕመም ላይሸፍን ይችላል፣ ሲያበቃም ወደ ገበያው ለመግባት እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ፕላን ሲመርጡ ዝቅተኛው ወርሃዊ ክፍያ አያታልልዎት። ገቢዎ ከድህነት መስመሩ 250 በመቶ፣ ማለትም ከ39 ሺህ ዶላር ገደማ የማይበልጥ ከሆነ፣ ከኪስ የሚወጣውን የሚቀንስ ተጨማሪ ድጋፍ አለ፤ የሚሰጠው ግን ሲልቨር የሚባለውን መካከለኛ የፕላን ደረጃ ለመረጠ ብቻ ነው። ለምሳሌ ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ያለው ደረጃ፣ ብሮንዙ፣ በወር 20 ዶላር ሆኖ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣው፣ 7,500 ይሁን። ሲልቨሩ ደግሞ በወር 60፣ ዲዳክቲብሉ 500 ይሁን። በዓመት 480 ዶላር ጨምረው 7,000 ዶላር ከሚደርስ ዕዳ ተጠበቁ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ያደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ገቢዎ ከዚህ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ ግን ብሮንዙ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ከመወሰንዎ በፊት ወደሚሄዱበት ክሊኒክ ይደውሉ። «ይህን ኩባንያ ትቀበላላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ አንድ ኩባንያ ብዙ ፕላን ስላለው «አዎ» የሚለው መልስ ምንም አይነግርዎትም። የፕላኑን ሙሉ ስም ፊደል በፊደል ያንብቡላቸው። ከዚያም የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ለኩባንያው ይክፈሉ፤ እስኪከፈል ድረስ ተመዝግበዋል እንጂ ሽፋን የለዎትም። በዓመቱ መካከል ደመወዝዎ ከጨመረ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ካላሳወቁ በትርፍ የወሰዱት ድጎማ በግብር ወቅት ይጠየቃል።